ፈረሱ እንዳያነክስ ምን እንግዛለት?

(የእንስሳት ሐኪም የሆነች አባላችን በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር)



በዚህ ርእስ እንድናገር የጠየቀኝ የብድር ኮሚቴያችን ነው። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በቅርቡ ሦስት አባላት ከቁጠባው ብድር ሲጠይቁ በማመልከቻቸው ላይ «ለፈረስ የመገጣጠሚያ ዱቄት መግዣ» ብለው ጻፉ። ውጭ አገር ያሉ ደጋፊዎቻችንም በበኩላቸው «ለፈረሶቻችሁ የመገጣጠሚያ ማጠናከሪያ እንላክ ወይ? የትኛው ይሻላል?» ብለው ጠየቁ። ኮሚቴው ለሁለቱም መልስ መስጠት ነበረበትና ወደ እኔ መጣ። እኔም «ለኮሚቴ ብቻ አልናገርም፤ ፈረሱን የምታበላው ሴት ባለችበት ልናገር» አልኩ።

አገራችን አዊ ነው። ስለ ፈረስ ክብር ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ትውልድ እንዳለፈ ታውቃላችሁ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው በሽምጥ ሲያልፍ እልል የምንለው እኛው ነን። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሚጋልበው ወንዱ ነው፤ ጭብጨባውም የእሱ ነው። ጠዋት ውኃ የሚያጠጣው፣ ድርቆሹን የሚያቀርበው፣ ፉርሽካውን የሚገዛው፣ በረቱን የሚጠርገው ማን ነው? ብድሩንስ በስሟ የምትፈርመው ማን ናት? ስለዚህ ስለ ፈረስ መገጣጠሚያ ማወቅ የሴት ጉዳይ አይደለም የሚለኝ ካለ፣ መጀመሪያ ደረሰኙን ያሳየኝ።

ብዙዎቻችን ቤት ያለው ፈረስ ሁለት ሥራ አለው። በዓል ሲሆን ለጉግስና ለሽምጥ ይወጣል፤ በሌላው ቀን ይጫናል፣ ሰው ያመላልሳል፣ አንዳንዱም ጋሪ ይጎትታል። ያነከሰ ቀን ቤቱ ሁለት ነገር ያጣል። ከዚያ የሚብሰው ግን በሽምጥ ላይ እያለ እግሩ የሚከዳው ፈረስ ነው፤ ከላዩ የእናንተ ልጅ አለና።

አሁን ወደ እግሩ እንግባ። ሁለት አጥንት በሚገናኙበት ቦታ የአጥንቶቹ ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል አንሸራታች ልም አጥንት ተሸፍኗል። በመካከላቸው እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ እንደ ቅባት ያገለግላል፤ ለልም አጥንቱም ምግብ ያደርስለታል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ፈረሱ ሲራመድ፣ ክብደት ሲያርፍበትና ሲነሣለት፣ እንደ ስፖንጅ እየተጨመቀና እየተለቀቀ ፈሳሹን ሲስብ ነው። የደም ሥር ስለሌለውም አንዴ ከተፋቀ እንደ ቆዳ ቁስል መልሶ አይሽርም። በዓለም ላይ እስከ አሁን የተፋቀን ልም አጥንት እንደ አዲስ የሚያበቅል ዱቄት የለም። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ማሰሮው ላይ «ይጠግናል» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ትዝ ይበላችሁ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ከመስከረም እስከ ጥር ታስሮ የቆመ ፈረስ ልም አጥንቱ አልተመገበም፣ ጅማቱም አልጠነከረም። እንዲህ ያለውን ፈረስ ጥር 20 ላይ ፈትቶ ጥር 23 ላይ በሽምጥ ማስሮጥ ግፍ ነው። ኅዳር ላይ ጀምሩ። መጀመሪያ በእርምጃ ብቻ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሶምሶማ ጨምሩ፤ ግልቢያው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ይህ አንድ ብር አያስወጣም፤ ከማንኛውም ማሰሮ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማውን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ጉግስ ላይ በድንገት ሲቆምና ሲታጠፍ ያ ሁሉ ክብደት ከነጋላቢው በአንድ ቁርጭምጭሚት ላይ ይወድቃል። አጥንቱ ገና ባልጠነከረ በሁለት ዓመት ግልገል ላይ ይህን መሥራት ፈረሱን በልጅነቱ ማስረጀት ነው። አራት ዓመት ሳይሞላው ለሽምጥ አታውጡት። ልጆቻችሁ እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ ይቆጡ።

ቀጥሎ የምለው ለኪሳችሁ የሚጠቅም ነው። ያነከሰ ፈረስ ሁሉ መገጣጠሚያውን አልታመመም። የፊት እግር ማነከስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከኮቴ ነው። ድንጋይ ገብቶበት፣ እሾህ ወይም ምስማር ወግቶት፣ ውስጡ መግል ይዞ፣ ወይም ኮቴው ከመጠን በላይ አድጎ ጫፉ ረዝሞ ሊሆን ይችላል። ጫፉ የረዘመ ኮቴ ፈረሱ በተራመደ ቁጥር ጅማቱንና መገጣጠሚያውን ይስባል። ረጅም ጥፍር ይዛችሁ እንጀራ ጋግሩ ብትባሉ እጃችሁ ምን ያህል እንደሚያስቸግራችሁ አስቡት። ኮቴ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ሊከረከምና ሊስተካከል ይገባል። አምጥታችሁ ካሳያችሁኝ ፈረሶች ውስጥ «መገጣጠሚያ ነው» ተብለው ችግሩ ኮቴ ላይ የተገኘባቸው ጥቂት አይደሉም። ለእነዚያ ፈረሶች ዱቄት መግዛት ለጥርስ ሕመም መነጽር እንደመግዛት ነው።

እንዴት እንለይ? ፈረሱን ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ሰው ይዞት በሶምሶማ ያሩጠው፤ እናንተ ከፊት ቁሙና ራሱን ተመልከቱ። የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሲወርድ ያያችሁበት እግር የታመመው ይመስላችኋል፤ ግን ያኛው ደህናው ነው። ከዚያ ኮቴውን አንሡ፣ አጽዱ፣ ዳብሱ። ሙቀቱን ከሌላው እግር ጋር አስተያዩ። መገጣጠሚያ ሲያረጅ የሚያሳየው ምልክት ሌላ ነው። ጠዋት ግትር ይላል፣ ትንሽ ሲራመድ ይፈታለታል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ወደ አንድ ጎን መታጠፍ ይጠላል። በድንገት ያበጠ፣ የሚያቃጥል፣ በአጠገቡ ቁስል ያለው መገጣጠሚያ ግን ለነገ የሚቆይ አይደለም። ውስጡ ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ በሁለት ቀን መዘግየት ፈረስ ይታጣል።

አሁን ብዙ የማትወዱልኝን ነገር ልናገር ነው። ፉርሽካ።

ፉርሽካ ርካሽ ነው፣ ፈረሱም ይወደዋል፤ ጋሪ ያላችሁ ደግሞ ከእሱና ከጭድ ሌላ የማታቀርቡ አላችሁ። አንድ ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ 12 ግራም ገደማ ፎስፈረስ አለው፤ ካልሲየሙ ግን ከ1 ግራም ብዙም አይበልጥም። አሥር እጅ ልዩነት ማለት ነው። ፈረስ በምግቡ ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ እኩል እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ፎስፈረስ ሲበዛበት ካልሲየም በአንጀቱ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ደሙ ካልሲየም ሲያጣ ሰውነቱ ከአጥንቱ እየቆፈረ ይወስዳል። እህል አጥታ ከዘር ጎተራዋ እንደምታወጣ ገበሬ ቁጠሩት። አጥንቱ ይሳሳል። ፈረሱ ዛሬ በግራ፣ ነገ በቀኝ ያነክሳል፤ እርምጃው ይደርቃል። ሲብስ የፊቱ አጥንት በሁለቱም በኩል ያብጣል፣ ጥርሱ ይላላል፣ ማኘክ ያቅተዋል። የድሮ ሐኪሞች በእንግሊዝ አገር የወፍጮ ቤት ፈረሶች ላይ ስላዩት የፉርሽካ በሽታ ብለውታል። የወፍጮው ፈረስ ትርፉን ፉርሽካ ይበላ ነበርና።

እንዲህ ላለ ፈረስ የመገጣጠሚያ ዱቄት ብታበሉት ምን ይጠቅመዋል? ግድግዳው እየፈረሰ በሩን ማስዋብ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ፉርሽካው ይቀንስ፤ የምግቡ መሠረት ድርቆሽና ግጦሽ ይሁን። አልፋልፋ የተከላችሁ ካላችሁ ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ማገጥ የተቀላቀለበት ድርቆሽም ይረዳል። ፉርሽካ መስጠት ግድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎ 30 ግራም ገደማ ለመኖ ተብሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ቀላቅሉ። ለመኖ የተፈጨ ነው ያልኩት፤ ይህን በደንብ ስሙኝ። ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ አፉንና ሆዱን ያቃጥለዋል። ዶሮ የምታረቡ ደግሞ የእንቁላሉን ቅርፊት አትጣሉት፤ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ከተፈጨ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የአሞሌ ጨው ምንጊዜም ከፊቱ አይጥፋ።

ዶሮን ካነሣሁ አይቀር፣ የዶሮ መኖ ለፈረስ በፍጹም አትስጡ። በአንዳንድ የዶሮና የከብት መኖ ውስጥ ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት ይጨመራል። ለዶሮ የአንጀት በሽታ መከላከያ ነው፤ ለፈረስ ግን ልቡን የሚያቆም መርዝ ነው፣ ጥቂቱ ይበቃል። የዶሮና የፈረስ ቀለብ በአንድ ጎተራ የምታስቀምጡ ዛሬውኑ ለዩ።

እንግዲህ ወደ ማሰሮው እንምጣ።

በእነዚህ ዱቄቶች ላይ ብዙ ጊዜ የምታነቡት ስም ግሉኮሳሚን ነው። አጠገቡ ኮንድሮይቲን፣ ኤም.ኤስ.ኤምና ሃያሉሮኒክ አሲድ ይከተላሉ። ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ሰውነት ልም አጥንትን ከሚሠራባቸው ነገሮች ውስጥ ናቸው። ግሉኮሳሚን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ሲሆን፣ ኮንድሮይቲን ደግሞ ከከብት የጉሮሮ ቧንቧ ወይም ከሻርክ ነው። (አንዲት እናታችን «ታዲያ በጾም ይሰጣል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ፈረስ አይጾምም እማማ፤ እጅዎን ይታጠቡ እንጂ።)

ሐሳቡ ደስ ይላል። የቤቱ ማገር ሲያልቅ ማገር እናቅርብ ነው ነገሩ። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ፈረስ ግሉኮሳሚን ሲበላ በሳይንስ ተለክቶ ወደ ደሙ የገባው ከተሰጠው ውስጥ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ከዚያም መገጣጠሚያው ውስጥ የደረሰው ከደሙ ያነሰ ነው። በፈረስ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ በጥቂት ፈረሶች የተሠሩ ናቸው፣ ውጤታቸውም አይስማማም። አንዳንዱ ትንሽ መሻሻል አየ፣ አንዳንዱ ምንም አላየም። ጉዳቱ ግን በተገቢው መጠን ሲሰጥ እምብዛም ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ከሚያስወጣው ገንዘብ ጋር ሲመዛዘን ለጤነኛ ወጣት ፈረስ አይገዛም። መገጣጠሚያው ማርጀቱ በሐኪም ለታወቀ፣ ኮቴውና ምግቡ ለተስተካከለ ፈረስ፣ ባለቤቲቱ አቅም ካላት፣ ለተወሰነ ጊዜ ሊሞከር ይችላል።

ሌላም አለ። ከአቮካዶና ከአኩሪ አተር ዘይት የሚወጣ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፈረሶች ላይ ተሞክሮ ነበር። የማነከሱን መጠን አልቀነሰም፤ ልም አጥንቱ ላይ የሚደርሰውን መፋቅ ግን ቀነሰ። ይህ እንኳ ከብዙዎቹ የተሻለ ማስረጃ ነው። ግን ይህን ሰምታችሁ አቮካዶ እንዳታበሉ አደራ! ቅጠሉና ፍሬው ራሱ ፈረስን ይመርዛል፤ ጥቅም ያሳየው በፋብሪካ ከዘይቱ ተለይቶ የወጣው ነገር ነው።

ኦሜጋ 3 የሚባለው የቅባት ዓይነት ብግነትን ለማብረድ ይረዳል፤ ከዓሣ ዘይት የሚገኘው ነው ይበልጥ የሚሠራው። የእኛ ተልባ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኦሜጋ 3 በብዛት አለው። የፈረስ ሰውነት የተልባውን ወደ ዓሣው ዓይነት የሚቀይረው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተልባ የዓሣ ዘይትን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ግን በጓዳችን አለ፣ ለጸጉሩም ለሆዱም ደግ ነው። ተቆልቶ የተፈጨ፣ በቀን አንድ እፍኝ ይበቃል። ጥሬውን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ፤ በዚያ መንገድ መርዝ ሊፈጥር ይችላል።

አሁን መግዣው። ማሰሮ በእጃችሁ ሲገባ ወይም ሲላክላችሁ መጀመሪያ የሚነበበው የፊቱ ሥዕል አይደለም፤ ጀርባውን አዙሩት። እያንዳንዱ ነገር በአንድ ጊዜ መጠን ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ለየብቻ ተጽፏል ወይ? «ልዩ ቅልቅል፣ 15 ግራም» ብሎ ውስጡን የማይዘረዝር ከሆነ መልሱለት። የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን አለው ወይ? አምራቹ በውጭ መርማሪ ያስፈትሻል ወይ? ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ አንድ ጥናት ለፈረስ የሚሸጡ 23 የግሉኮሳሚን ምርቶች ሲመረመሩ 9ኙ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ነበራቸው፤ ከ9ኙም ውስጥ 4ቱ የተጻፈውን 30 በመቶ እንኳ አልያዙም። ጤፍ በጣሳ ስትገዙ ጣሳው ጎድሎ እንደሆነ ታያላችሁ፤ ዱቄቱን ግን በዓይን ማወቅ አይቻልም።

ሌላው ትልቅ ነገር መጠኑ ነው። ማሰሮዎቹ የሚጻፉት 500 ኪሎ ለሚመዝን የውጭ አገር ፈረስ ነው፤ ለእሱ በቀን 10 ግራም ገደማ ግሉኮሳሚን ይባላል። የእኛ ፈረስ የዚያን ግማሽም ላይመዝን ይችላል። ሚዛን ከሌለን በልብስ ሰፊ ሜትር እንለካዋለን። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፤ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ዳሌው ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ11,880 አካፍሉ። ለምሳሌ ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 125 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 221 ኪሎ ይመጣል። ልጆቻችሁ በስልካቸው ያሰሉላችኋል። ይህ ቁጥር ለዱቄቱ ብቻ አይደለም፤ የትል መድኃኒትም ስትሰጡ በእሱ ነው። ለዚህ ፈረስ በማሰሮው ላይ ያለውን ሙሉ መጠን መስጠት ገንዘቡን እጥፍ መክፈል ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ማሰሮ ደራርቦ መስጠት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። በብዙዎቹ ውስጥ ሴሊኒየምና ቫይታሚን ዲ ይጨመራል፤ ሁለቱም ሲበዙ ፈረስን ይመርዛሉ።

መሞከር የወሰነች እንዲህ ታድርግ። ከመጀመሯ በፊት ፈረሱ በሶምሶማ ሲሮጥ በስልክ ይቀረጽ፤ ቦታውና ሰዓቱ ይመዝገብ። ስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ትስጥ። በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር አትቀይር፤ ኮቴውን ያስተካከለችው፣ ምግቡን የለወጠችው፣ ዱቄቱንም የጀመረችው በአንድ ሳምንት ከሆነ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ከዚያ በዚያው ቦታ ደግማ ታስቀርጸው። ሁለቱን ቪዲዮ የትኛው ቀድሞ እንደተቀረጸ ለማያውቅ ሰው ታሳይ። ይህን የምለው ገንዘብ ያወጣች ዓይን መሻሻል ስለምታይ ነው። ፈረሱ ማሰሮው ስንት እንደተገዛ አያውቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን። ልዩነት ከሌለ ይቁም፤ ሁለተኛ ማሰሮ አይገዛ።

ለራሷ ጉልበት ግሉኮሳሚን ከልጇ ተልኮላት «ጠቅሞኛል» ያለችኝ አለች። ደስ ይበላት፣ አልከለክላትም። ለሰው የሚሸጠውን ለፈረስ ማካፈል ግን አይሆንም፤ ለፈረሱ ያንሳል፣ ለእሷም ያልቃል።

ስለ ማስታገሻ አጭር ነገር ልበል። ከበዓሉ በፊት ያነከሰውን ፈረስ ከፋርማሲ በተገዛ የሰው ዳይክሎፌናክ ወይም በሌላ መርፌ አሳርፎ ማስጋለብ የሚታሰብ መሆኑን ሰምቻለሁ። ሕመም ፈረሱ የሚናገርበት ብቸኛ ቋንቋ ነው። አፉን ዘግታችሁ ስታስሮጡት የተሰነጠቀው ይሰበራል። እነዚህ መድኃኒቶች በተሳሳተ መጠን ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ በዳይክሎፌናክ የታከመ እንስሳ ሞቶ ከተጣለ ደግሞ የበላው ጥንብ አንሣ ይሞታል። በደቡብ እስያ አሞራዎቹ ያለቁት በዚህ ነው። ማስታገሻ የሚያስፈልገው ፈረስ አለ፤ ያም በሐኪም ትእዛዝና በዕረፍት ነው።

እግሩን በበርበሬ ወይም በሚጥሚጣ ማሸት የሚመክራችሁም አይጠፋም። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ሕመምን ማደንዘዝም፣ ቆዳን ከልክ በላይ ስሜታዊ ማድረግም ስለሚችል በዓለም አቀፍ ውድድር ክልክል ነው። በ2008ቱ የቤይጂንግ ኦሎምፒክ የዝላይ ውድድር ላይ በፈረስ ላይ ተገኝቶ የኖርዌይ ቡድን የነሐስ ሜዳሊያውን ተነጥቋል። በእኛ ጉግስ ደም የሚመረምር የለም። ቢሆንም ቆዳው ተቃጥሎ ቁስል ሲይዝ የምታክመው የቤቱ ሴት ናት። በርበሬው ለወጥ ይቆይ።

ለደጋፊዎቻችን እንዲህ እላለሁ። ልባችሁን አይተናል፤ እናመሰግናለን። ማሰሮ ከመላካችሁ በፊት ግን ጠይቁን። አንድ ማሰሮ አንድ ፈረስን ለሁለት ወር ይይዝ ይሆናል፤ ሲያልቅ ተከታዩን የሚገዛ የለም። በዚያው ገንዘብ የኮቴ መከርከሚያ ቢላዋና ሞረድ ቢገዛ ዓመታት ያገለግላል፤ አንድ ወጣት ኮቴ ማስተካከል ቢሠለጥን ደግሞ የአንድ ቀበሌ ፈረስ ሁሉ ይጠቀማል። በመገጣጠሚያ ውስጥ ወይም በጡንቻ የሚሰጡ መርፌዎችን በሻንጣ በፍጹም አትላኩ። እነሱን የሚሰጥ ሐኪም ነው፤ ባልጸዳ መርፌ የተወጋ መገጣጠሚያ ተመርዞ ይቀራል። የግድ ዱቄት መላክ ከፈለጋችሁ ለፈረስ የተሠራ፣ ሚሊግራሙ የተዘረዘረ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን። በማሸጊያው ላይ «ዴቪልስ ክሎው» የሚል ተክል ካያችሁ ተዉት። እሱም በውድድር የተከለከለ ነው፣ ላረገዘች ባዝራም አይመከርም።

ለብድር ኮሚቴው የሰጠሁት ምክር ይህ ነው። ለኮቴ ማስተካከያ፣ ለድርቆሽ፣ ለአልፋልፋ ዘርና ለሐኪም ምርመራ ብድር ይሰጥ። ለዱቄት ግን ፈረሱ ሳይመረመር አይሰጥ። ሦስቱ አመልካቾች ቅር እንዳይላቸው በግል አነጋግሬያቸዋለሁ። የአንዷ ፈረስ ዕድሜው ገፍቷል፣ የኋላ እግሩ መታጠፊያ በእርግጥ አርጅቷል፤ ለእሱ የሁለት ወር ሙከራ ተስማምተናል፣ ውጤቱንም በሚቀጥለው እትም ታነባላችሁ። የሁለቱን ግን ገና ሲሮጡ አላየኋቸውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ከገበያ በፊት፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ ፈረሶቻችሁን ወደ ማኅበሩ ግቢ አምጡ። ሜትር ያላት ሜትር ትያዝ፣ የምታበሉትንም ፉርሽካ በትንሽ ፌስታል አምጡልኝ። የሚያሩጥ ልጅ አብሯችሁ ይምጣ፤ እኔ ፈረስ ይዤ የምሮጥበት ዕድሜ አልፏል። ኮቴው ጭቃ ከያዘ እዚያው እናጥበዋለን።